ከኤሰን እስከ ኮሎኝ፦ የቱርክ ስደተኞች ትዝታቸውን በራሳቸው እጅ የሰበሰቡበት የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመረጠ

በ1990 በጀርመን የሩር የከሰል ማዕድን አካባቢ በምትገኘው በኤሰን ከተማ፣ ከቱርክ የመጡ አራት ሰዎች ተሰባስበው «የቱርክ ፍልሰት የሰነድ ማዕከልና ቤተ መዘክር» የሚል ማኅበር አቋቋሙ። በጀርመንኛ ምሕጻሩ ዶሚት ይባል ነበር። ስሙ ከሥራው ቀደመ፤ በዚያን ጊዜ ማዕከልም፣ ሰነድም፣ ቤተ መዘክርም አልነበራቸውም። የነበራቸው ስጋት ነው። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት በባቡር መምጣት የጀመሩት ሠራተኞች ጡረታ እየወጡ፣ ከፊሎቹ ወደ ቱርክ እየተመለሱ፣ ከፊሎቹም እየሞቱ ነበር፤ አመጣጣቸውን፣ ሥራቸውንና ስለ አገራቸው ያስቡት የነበረውን የሚያሳየው ወረቀትም በየቤቱ እየተጣለ ነበር።

ስለ ቱርክ ስደተኞች የአገር ናፍቆት ብዙ ተብሏል፤ አብዛኛው ግን ስለ ስሜቱ ብቻ የተባለ ነው። ይህ ጉዳይ ሊመዘገብ የሚገባው ስሜቱ በምን ዕቃ ላይ እንዳረፈ፣ ማን እንደ ጠበቀው፣ ማን ደግሞ ሳይፈልገው እንደ ቀረ በተጨባጭ ስለሚያሳይ ነው። ግለሰቦች በስም አልተጠቀሱም። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለሁለት ዓመት የመጡ ሰዎች

ምዕራብ ጀርመንና ቱርክ የሠራተኛ ቅጥር ስምምነት ያደረጉት ኦክቶበር 30 ቀን 1961 ነው። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ የበርሊን ግንብ በመሠራቱ ከምሥራቅ ጀርመን ይጎርፍ የነበረው የሰው ኃይል ተቋርጧል። የጀርመን ፋብሪካዎች ሠራተኛ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ቱርክም ሥራ ያጣውን ወጣት የምታሰማራበትና የውጭ ምንዛሪ የምታገኝበት መንገድ ትፈልግ ነበር። የስምምነቱ ጽሑፍ ከሁለት ገጽ አይበልጥም። በመጀመሪያ ሲደረግ የሠራተኛው ቆይታ ከሁለት ዓመት እንዳያልፍ ተደንግጎ ነበር፤ የታሰበው አንዱ ሲመለስ ሌላው እንዲተካው ነው። ይሁን እንጂ ሥራውን የለመደን ሰው አሰናብቶ ለአዲስ ሰው እንደገና ማስተማር ለአሠሪዎች ኪሳራ ሆነባቸውና በ1964 ገደቡ ተነሣ። ኖቬምበር 1973 ላይ በነዳጅ ቀውሱ ምክንያት ቅጥሩ እስኪቆም ድረስ ከ800 ሺህ በላይ ሰዎች በዚህ መንገድ ከቱርክ ወጥተዋል፤ አምስተኛ ያህሉ ሴቶች ነበሩ።

ተመልማዮቹ ኢስታንቡል በተከፈተው የጀርመን የቅጥር ጽሕፈት ቤት በቡድን በቡድን እየገቡ፣ ልብሳቸውን አውልቀው፣ ጥርሳቸው፣ ሳንባቸውና ሽንታቸው ይመረመር ነበር። ምርመራውን ያለፉት ከሲርኬጂ ባቡር ጣቢያ ተነሥተው ከሁለት ቀን በላይ ይጓዙና ሙኒክ ዋና ጣቢያ 11ኛው ሐዲድ ላይ ይወርዳሉ። ከሐዲዱ ሥር ባለው የጦርነት ጊዜ መጠለያ ምግብ ቀምሰው ወደተመደቡበት ከተማ ይከፋፈላሉ። ኮሎኝ ይሁን በርሊን፣ ማዕድን ጉድጓድ ይሁን የሬዲዮ መገጣጠሚያ፣ መድረሻቸው አስቀድሞ በውላቸው ላይ ተጽፏል።

ለሁለት ዓመት የመጣ ሰው ኑሮውን የሚያደራጀውም በሁለት ዓመት ልክ ነው። ደመወዙ ለመንደር ቤት፣ ለእርሻ መሬት፣ ለትራክተር ይቆጠባል፤ የሚያድረው ፋብሪካው ባዘጋጀው የሠራተኞች መኖሪያ ከብዙ ሰው ጋር ነው፤ መመለሱ ደግሞ በየዓመቱ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። አገር ቤት በበጋ ዕረፍት ብቻ የሚታይ ሆነ። ዕቃ የተጫነባት መኪና ኦስትሪያን፣ ዩጎዝላቪያንና ቡልጋሪያን አቋርጣ ካፒኩሌ የድንበር በር እስክትደርስ ከዕረፍቱ ቀናት የተወሰኑት መንገድ ላይ ያልቃሉ። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። በኦገስት 1973 በኮሎኝ የፎርድ ፋብሪካ ከዕረፍት ዘግይተው የተመለሱ 300 ያህል የቱርክ ሠራተኞች ሲባረሩ፣ ባልደረቦቻቸው ከሠራተኛ ማኅበሩ ፈቃድ ውጭ ሥራ አቁመው ፋብሪካውን ለቀናት ያዙ፤ አድማው በኃይል ተበተነ። የኢንዱስትሪ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን አድማ የደመወዝና የሥራ ፍጥነት ጥያቄ አድርገው ይመዘግቡታል። ትክክል ነው። የተቀጣጠለው ግን አገር ቤት ጥቂት ቀን በመቆየት ሰበብ ነበር።

የቅጥሩ መቆም ከታሰበው ተቃራኒ ውጤት አመጣ። አንዴ የወጣ ተመልሶ መግባት እንደማይችል የተረዱት ሠራተኞች መመለሱን ትተው ባለቤቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ማስመጣት ያዙ። መንግሥት በ1983 ሥራውን ትቶ ለሚመለስ 10,500 ማርክ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ደግሞ 1,500 ማርክ ጨምሮ የሚከፍል ሕግ አወጣ። ገንዘቡን ተቀብለው የተመለሱት ብዙ ናቸው፤ ከእነርሱ ጋር የሄዱት ልጆች ደግሞ አንዳንዶቹ የሚመለሱበትን አገር የሚያውቁት በበጋ ብቻ ነበር።

ማን ያስታውሳቸው?

ሴፕቴምበር 1964 ላይ ኮሎኝ ዶይትስ ጣቢያ አንድ ፖርቱጋላዊ አናጢ ከባቡር ሲወርድ 1 ሚሊዮንኛው እንግዳ ሠራተኛ መሆኑ ተነግሮት ሞተር ብስክሌት ተሸለመ። ሞተር ብስክሌቱ ዛሬ በቦን ከተማ በጀርመን የታሪክ ቤተ መዘክር ይገኛል። በእኔ አመለካከት ይህ ዕቃ ስለ መጪው ሰው የሚናገረው ጥቂት ነው፤ የሚመሰክረው ስለ ተቀባይዋ አገር ደግነት ነው። የዚያው ሰው የሥራ ውል፣ የመኖሪያ ቤቱ የሥነ ሥርዓት ደንብ፣ ለሚስቱ የላከው ገንዘብ ደረሰኝ የሚቀመጥበት ቦታ ግን አልነበረም። ፋብሪካዎቹ የድሮ መዝገባቸውን አስወገዱ፤ መኖሪያዎቹ ፈረሱ ወይም ለሌላ አገልግሎት ዋሉ።

ቱርክም አልጠበቀችላቸውም። የሚልኩት ገንዘብ በብሔራዊ ሒሳብ ውስጥ ይቆጠር ነበር፤ ሰዎቹ ግን በበጋ ሲመጡ በአለባበሳቸውና በአነጋገራቸው የሚቀለድባቸው «ጀርመኖቹ» ሆነው ነበር። በጀርመን ባዕድ፣ በቱርክ ጀርመናዊ የሚለው አባባል የተወለደው ከዚህ ነው። በቤተሰብ ውስጥም ዝምታ ነበር። ልጅን ከአያት ዘንድ ትቶ መሄድ፣ ከዓመታት በኋላ አምጥቶ ደግሞ ትምህርት ሳይሆንለት ሲቀር መልሶ መላክ፣ ወላጆች ሊያነሡት የማይወዱት ነገር ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ትውልድ አባቱ በየትኛው ፋብሪካ እንደ ሠራ ያውቅ ይሆናል፤ ለምን እርሱን ትቶት እንደ ሄደ ግን አልተነገረውም።

ማኅበሩ በተቋቋመ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ የሆነው ነገር ችግሩን ሌላ ደረጃ ላይ አደረሰው። ኖቬምበር 1992 ሞልን በተባለች ከተማ የቱርክ ቤተሰቦች ቤት ተቃጥሎ 3 ሰዎች ሞቱ፤ ሜይ 29 ቀን 1993 በዞሊንገን የአንድ ቤተሰብ 5 ሴቶችና ልጃገረዶች በተመሳሳይ የዘረኞች ቃጠሎ ተገደሉ። በዞሊንገን ሁለት ሴት ልጆቻቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና አንዲት የዘመድ ልጅ ያጡት እናት ከከተማው አልወጡም። ጥላቻን በጥላቻ አንመልስ ብለው ለ29 ዓመታት ተናገሩ፤ በ1996 የጀርመን መንግሥት የክብር ኒሻን ሰጣቸው። ልጆቻቸው የተቀበሩት ግን ቤተሰቡ በመጣበት በአማስያ ክፍለ ሀገር በምትገኝ መንደር ሲሆን፣ በ2022 እሳቸውም ሲያርፉ እዚያው ተወስደው ተቀበሩ። ለሕይወት ጀርመንን፣ ለመቃብር ቱርክን መረጡ ብሎ መደምደም ይቀላል። እኔ ግን ሁለቱን ምርጫዎች እርስ በርስ የሚቃረኑ አድርጎ የሚያይ ሰው የዚህን ትውልድ የአገር ሐሳብ አልተረዳውም እላለሁ።

የተወሰዱት እርምጃዎች

የማኅበሩ የመጀመሪያ ሥራ መዞር ነበር። መሥራቾቹና ተባባሪዎቻቸው በጀርመንም በቱርክም ቃለ መጠይቅ አደረጉ፤ ፎቶግራፍ፣ የሥራ ውል፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የባቡር ቲኬት፣ የጤና ምርመራ ሰነድ፣ በራሪ ወረቀት፣ ሻንጣ፣ የሙዚቃ መሣሪያ ሰበሰቡ። ዕቃውን ብቻ ከመውሰድ ይልቅ ዕቃው የማን እንደ ነበረ፣ መቼ እንደ ተገዛና ለምን እንደ ተቀመጠ ባለቤቱ በራሱ አንደበት የሚናገረውን አብሮ መያዝ የአሠራሩ መሠረት ሆነ። ትልቁ ልዩነት የመጣው ከዚህ ይመስለኛል፤ ባለቤቱ ያልተናገረለት ሻንጣ ከገበያ ከተገዛ አሮጌ ሻንጣ አይለይም።

የካሴት ደብዳቤን እንውሰድ። ከመጡት ሠራተኞች መካከል መጻፍ የማይችሉ ወይም መጻፍ የሚከብዳቸው ብዙዎች ስለ ነበሩ፣ የቴፕ ክር በተስፋፋበት በ1970ዎቹ ሰላምታቸውን በድምፅ ቀድተው ወደ አገር በሚሄድ ሰው ይልኩ ነበር። ቅጂው ለአንድ ሰው ብቻ የታሰበ አይደለም፤ እናት ስሟ ይጠራል፣ ከዚያ አጎት፣ ከዚያ ጎረቤት በየተራ፤ በአንድ ክፍል አብረው የሚያድሩ ጓደኞችም እየገቡ የየራሳቸውን ሰላምታ ይጨምራሉ። መንደሩ ተሰብስቦ ያዳምጥና መልሱን ብዙ ጊዜ በዚያው ካሴት ላይ ይቀዳል። ይህ ማለት የደረሰው መልስ የተላከውን ደብዳቤ አጥፍቶታል ማለት ነው። ለታሪክ አጥኚ ከእያንዳንዱ የቤተሰብ ንግግር በአጋጣሚ የተረፈችው የመጨረሻዋ ዙር ብቻ ናት። ያችም ብትሆን ስትመዘገብ «የግል ድምፅ፣ 60 ደቂቃ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ የተናጋሪው የአካባቢ ዘዬ፣ ከኋላ የሚሰማው ሬዲዮ፣ ገንዘብ ሲነሣ የሚቀየረው የድምፅ ቃና ሁሉ ሰነድ ነው፤ ይህን የሚለየው ደግሞ ቋንቋውን ከቤቱ ይዞ ያደገ መዝጋቢ ብቻ ነው።

ስብስቡ ለሕዝብ የታየው በ1998 በኤሰን በሩርላንድ ቤተ መዘክር በተከፈተ ሰፊ ዐውደ ርእይ ነው። ሦስት ውሳኔዎች ይህን ዐውደ ርእይ ለየት አደረጉት። ጽሑፉ በሙሉ በቱርክኛና በጀርመንኛ ነበር፤ ስለዚህ አያትና የልጅ ልጅ አንድ መስታወት ፊት ቆመው እያንዳንዳቸው በሚቀናቸው ቋንቋ ማንበብ ቻሉ። የቀረበው በስደተኛ ማኅበር አዳራሽ ሳይሆን የሩር ነዋሪዎች የማዕድንና የብረት ሥራ ታሪካቸውን በሚያዩበት ቤት ነው። ዝግጅቱም የቤተ መዘክሩና የማኅበሩ የጋራ ሥራ ሲሆን፣ ማኅበሩ ስብስቡን ለባለሙያዎች አስረክቦ ዞር አላለም።

በ2000 ማኅበሩ ወደ ኮሎኝ ተዛወረ። በ2005 ከኮሎኝ የሥነ ጥበብ ተቋማት ጋር ባዘጋጀው ሌላ ትልቅ ዐውደ ርእይ ከቱርክ ውጭ ከጣልያን፣ ከግሪክ፣ ከዩጎዝላቪያ፣ ከሞሮኮ እንዲሁም ወደ ምሥራቅ ጀርመን ከቬትናምና ከሞዛምቢክ የመጡትን ታሪክ አካተተ። በ2007 ከሌላ ተመሳሳይ ማኅበር ጋር ተዋሕዶ ዶሚድ የሚለውን ስም ያዘ፤ «ከቱርክ» የሚለው ከስሙ ወጥቶ «በጀርመን» የሚለው ገባ።

የማን አገር?

የጉዳዩ ከባድ ክፍል ይህ ነው። ከቱርክ የመጣው ሕዝብ ሲሰበሰብ አንድ አገር የሚያስታውስ ይመስላል፤ ትዝታው ሲከፈት ግን አይደለም። የኩርዱ ትዝታ ቋንቋው የተከለከለባትን አገር ይይዛል። አሌቪው፣ ማለትም በቱርክ ከብዙኃኑ ሱኒዎች የተለየ እምነት ያለው ማኅበረሰብ አባል፣ ጁላይ 1993 በሲቫስ በአንድ ሆቴል በተነሣው ቃጠሎ የሞቱትን ያስታውሳል፤ ከዞሊንገን ጋር ያለው ልዩነት አምስት ሳምንት ብቻ ነው፣ እሳቱ ግን የተለኮሰው በአገሩ ሰዎች ነው። ሶርያኒው ክርስቲያን የተወውን መንደር ባዶ ሆኖ ያያል። ከ1980ው መፈንቅለ መንግሥት በኋላ የሸሸው የፖለቲካ ስደተኛ በበጋ መኪና ጭኖ ወደ ካፒኩሌ መንዳት አይችልም ነበር፤ ለእርሱ አገር ማለት የማይገባባት ናት። ለሬዲዮ ፋብሪካ ብቻዋን የተቀጠረችው ሴት ደግሞ ስለ መንደሯ ስትጠየቅ ከናፍቆት ቀድማ በራሷ ስም የተከፈተላትን የደመወዝ ሒሳብ ልታነሣ ትችላለች።

ስብስቡ በሠራተኛ ፍልሰት ዙሪያ በመጀመሩ የወንዱ ሠራተኛ ታሪክ መጀመሪያ ላይ ጎልቶ ወጣ፤ ፎቶግራፍ አንሺዎችም፣ ጋዜጦችም ያተኮሩት በእርሱ ላይ ስለ ነበር የሚገኘውም ዕቃ ይህንኑ ያጠናክር ነበር። ማኅበሩ ከኤምባሲም ከሃይማኖት ድርጅትም ሥር አለመሆኑ እዚህ ላይ ጠቀመው። የመንግሥት በዓል የሚከበርበት አዳራሽ ቢሆን ኖሮ የኩርዱንና የሸሸውን ሰው ሻንጣ ማስገባት ይከብደው ነበር።

ሕጉም የአገርን ሐሳብ እየለወጠው ሄዷል። ከ2000 ጀምሮ በጀርመን የተወለዱ የስደተኛ ልጆች ዜግነት ማግኘት ቻሉ፤ ለዓመታት ግን ሲያድጉ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ይባሉ ነበር። ሁለት ዜግነት በአጠቃላይ የተፈቀደው ጁን 2024 ነው። ለመጀመሪያው ትውልድ ይህ በጣም የዘገየ ነበር፤ በ1961 በሃያ አምስት ዓመቱ የመጣ ሰው በዚያን ጊዜ ሰማንያ ስምንት ዓመት ሊሆነው ነው።

የተሳካውና የጎደለው

የስብስቡ ብዛት ዛሬ ከ150 ሺህ በላይ ነው። የትምህርት ቤት መጻሕፍትና የቴሌቪዥን ዝግጅቶች ስለ ሠራተኛ ፍልሰት ሲያነሡ ሥዕልና ሰነድ የሚጠይቁት ከዚህ ነው። ከአራት ሰዎች የተነሣ ሥራ እዚህ መድረሱ የሚያስደንቅ ነው።

ገንዘቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለተወሰነ ፕሮጀክት የተሰጠ ነበር። ለዐውደ ርእይ ገንዘብ ይገኛል፤ ዐውደ ርእዩ ሲዘጋ ካሴቱን ለሚገለብጥ፣ ፎቶግራፉን ለሚመዘግብ ሰው የሚከፈል ያጥራል። በስሙ ውስጥ ከ1990 ጀምሮ ያለው ቤተ መዘክር ተስፋ ያገኘው በ2019 ነው፤ የፌዴራሉ ምክር ቤትና የኖርድራይን ቬስትፋልያ ክፍለ ሀገር እያንዳንዳቸው 22 ሚሊዮን ዩሮ ያህል መደቡ፣ የኮሎኝ ከተማም ካልክ በተባለው ሰፈር አንድ የቀድሞ ፋብሪካ አዳራሽ አዘጋጀ። መክፈቻው ከመጀመሪያው ዕቅድ ተገፍቷል። ለሕንጻው በተጠበቀባቸው ዓመታት ዕቃ ከሰጡት ብዙዎቹ አልፈዋል።

መስፋፋቱም ዋጋ ነበረው። የሁሉንም ስደተኛ ታሪክ መያዙ የአገሪቱ ታሪክ አካል አደረገው፤ ገንዘቡም የተገኘው በዚህ ይመስለኛል። በሌላ በኩል «የቱርክ» የሚለው ስም ከወጣ በኋላ የአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች ቤት መሆኑ ቀነሰ። ከሁሉም ያነሰ ድምፅ ያላቸው በ1983 ሕግ ወደ ቱርክ የተመለሱት ናቸው፤ ስብስቡ ያለው ጀርመን፣ እነርሱ ያሉት አናቶልያ ነው።

መንግሥታዊ መዝገብ ቤት ይሻላል ለሚል ሰው አንድ ነገር ላስታውስ፤ ማርች 3 ቀን 2009 በዚያው በኮሎኝ፣ የሺህ ዓመት ሰነድ የያዘው የከተማው ቤተ መዛግብት አጠገቡ በሚቆፈረው የከርሰ ምድር ባቡር ሥራ ምክንያት ተደርምሶ ሁለት ሰዎች ሞቱ፤ ሰነዱም ፍርስራሽ ውስጥ ተቀበረ። ቅጂን ከአንድ ቦታ በላይ ማስቀመጥ ለትንሹም ለትልቁም ግዴታ ነው።

ለሌላ ማኅበረሰብ የሚተርፈው

በውጭ የሚኖሩ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት ከዚህ ጉዳይ የሚወስዱት መጀመሪያ ጊዜውን ነው። ዶሚት የተጀመረው የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች በሕይወት እያሉ፣ ጡረታ በሚወጡበት ወቅት ነው። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ በሱዳን በኩል ወጥተው አሜሪካና አውሮፓ የገቡት ኢትዮጵያውያን አሁን በዚያው ዕድሜ ላይ ናቸው። የእድር ቃለ ጉባኤ፣ የስደተኛ መታወቂያ፣ የቤተ ክርስቲያን መሥራቾች የመዋጮ መዝገብ፣ በካርቱም የተነሡት ፎቶግራፍ፣ እኛም በዘመኑ በካሴት የላክነው ሰላምታ እስካሁን በግለሰብ ቤት ነው።

ለባሕረ ሰላጤው አገሮች የሄዱት እህቶች ጉዳይ ከቱርኮቹ የመጀመሪያ ውል ጋር ይበልጥ ይቀራረባል፤ ለሁለት ዓመት ተቀጥሮ መመለስ፣ ከዚያ ሌላዋ መተካት። ልዩነቱ የእነርሱ ደብዳቤ ወረቀት ወይም ካሴት ሳይሆን በስልክ የተላከ ድምፅ መሆኑ ነው። ስልኩ ሲሰበር፣ ሲቀማ ወይም ቁጥሩ ሲቀየር ድምፁ አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ ለዚህ ትውልድ መሰብሰብ የሚጀመረው ጡረታ ሲደርስ ሳይሆን ተመላሿ ቦሌ ስትደርስ ነው።

ከዚህ ጋር የስጦታ ስምምነት ጉዳይ አለ። ድምፁን የሰጠ ሰው ማን እንዲሰማው እንደሚፈቅድ፣ በስንት ዓመት ውስጥ ለሕዝብ እንደሚከፈት፣ ሐሳቡን ቢለውጥ ማንን እንደሚያነጋግር በጽሑፍ ሊሰጠው ይገባል። በተለይ ወረቀት ሳይኖረው የኖረ ሰው ወይም ከአሠሪዋ ቤት የጠፋች ሴት የምትናገረው ነገር በማግሥቱ ሊጎዳት ስለሚችል፣ ይህ ስምምነት መቅረጫው ከመከፈቱ በፊት በሚገባቸው ቋንቋ ተነብቦላቸው መፈረም አለበት።